በመታጠፊያው ላይ የሚነሳ እጅ

መካኒኩ ባሏ ከሞተ ወዲህ መኪናዋን ለውድድር ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ውድድሩ በባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ በተደረደሩ ኮኖች መሃል እየተጠመዘዙ ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ቁርጡን ነግሯታል፤ «ዛሬ ካልሆነልሽ እንሸጣታለን። ቆማ ከምትዝግ!» እሷም እሺ ብላለች። ምን ትበል?

የመኪናዋ ሞተር ቱርቦ አለው፤ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ ነው። የቱርቦ ነገር እንዲህ ነው፤ ጉልበቱ ለጉድ ነው፣ ግን ሲቀሰቅሱት ቶሎ አይነሳም። በረጅም አስፋልት ማን ልብ ይለዋል? እዚህ ግን ነዳጅ ረግጠህ ጉልበቱ እስኪመጣ ሌላ ኮን ላይ ወጥተህ ቁጭ ነው። ስለዚህ መኪናው ገና መታጠፊያው ውስጥ እያለ ቀድሞ መርገጥ ነው። መቼ? እሱን የሚያውቀው ባሏ ነበር። የመጨረሻው መታጠፊያ ዳር ቆሞ ቀኝ እጁን ያነሳል፣ እሷ ትረግጣለች። ሰዉ «የሚነዳትስ እሱ ነው!» እያለ ሲያሾፍባት አብራ ትስቅ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር፣ አይ ልማድ፣ እጁን ስትጠብቅ ዘገየች። ጉልበቱ ድንገት መጣ፤ የመኪናዋ ኋላ ተንሸራተተና ኮኖቹን ጠራርጋ ገባች። የባሏ ወንድም ራሱን ነቀነቀ።

የቀራት አንድ ዙር ብቻ ነበር። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ባዶውን ቦታ አየ፤ እግሯ ግን አልጠበቃትም፣ ረገጠ። መኪናዋ በሰዓቱ ተነስታ አንድም ኮን ሳትነካ ወጣች። ባሏ በሕይወት እያለ እንኳ እንዲህ ፈጥና አታውቅም።

«እሰይ! አሁን ማን አባቱ ይሸጣታል!» እያለ የባሏ ወንድም ሮጦ መጣ።

እሷን ግን ደስ አላላትም። ያለ እሱ መቻሏ አንገበገባት። ምነው ባልቻልኩ፣ አለች በልቧ፤ መኪናዋም ብትሸጥ፣ እሱ እንዳስፈለገኝ ብኖር።

ቱርቦ ያለው መኪና ከሩጫ በኋላ ወዲያው አይጠፋም፤ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ጥቂት መብረድ አለበት። እስኪበርድ ባሏ ገብቶ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ሲያበሽቃት፣ ሲያስቃት ይቆይና «በይ እሜቴ፣ አሁን አጥፊያት» ይላት ነበር። አንድም ቀን ቀድማው አጥፍታ አታውቅም።

«በረደች እኮ» አለ የባሏ ወንድም በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ። «አጥፊያት እንጂ፣ ነዳጅ ጨረሰች።»

«ትንሽ ቆይ» አለችው። እንባዋን ሳትጠርግ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር ታያለች። «ገና አላለኝም።»