ካርዱ ላይ የሚወጣው ፊት

ቀጭ የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ሦስቱ የስፌት መኪናዎች ይንጫጫሉ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ካውያው እንፋሎቱን ይተፋል፣ የሁሉም ዓይን መርፌ ሥር በሚሮጠው ነጭ ጨርቅ ላይ ነው። ድምፁ ግን ቁልፍ ሲዞር የሚሰማውን ይመስል ነበር። ከሦስቱ መኪናዎች አንዱ ቀጥ አለ። የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ዞር ሲሉ እንግዳዬ የሚሏት ልጅ ወንበሯ ባዶ ነው። መርፌው ግማሽ በተሰፋ የትራስ ልብስ ላይ እንደተተከለ ቀርቷል፤ ልጅቷ የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብታ ጉልበቷን አቅፋለች።

በሩ ላይ ካሜራ ባንገቷ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ቆማ ፈገግ ትላለች።

«ይቅርታ፣ ሳላስፈቅድ አነሳኋችሁ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አላስችል አለኝ።»

ከመንገዱ ማዶ ሊከፈት ለተዘጋጀው ሆቴል ዕቃ የምትገዛው ልጅ ናት። አንሶላውን፣ ፎጣውን፣ የትራስ ልብሱን የምትመርጠው እሷ ናት። ባለፈው መጥታ ጨርቁን በጣቶቿ ስታሽ፣ ስፌቱን ገልብጣ ስትመረምር ቆይታ ነበር የሄደችው። ዛሬ ቁርጡን ትነግረናለች ተብሎ ጠዋት ወለሉ ሁለቴ ተወልውሏል።

«ግቢ ልጄ፣ ምንም አይደል፣» አሉ እትዬ። ወዲያው መቀስ የወደቀባቸው መስለው ጎንበስ አሉና ወደ ጠረጴዛው ሥር በሹክሹክታ፣ «ካሜራ ነው። ቁልፍ አይደለም የኔ ልጅ፣ ካሜራ ነው።»

«በሩስ?»

«ክፍት ነው። እንደ ሻምበል አፍ ክፍት ነው።»

«ሰምቻለሁ፣» አለች ሻምበል ከመኪናዋ ሳትነሳ።

ከጠረጴዛው ሥር ሳቅ የሚመስል ትንፋሽ ወጣ።

ሻምበል የእትዬ የእህት ልጅ ናት። ስሙን ያወጡላት ክርም፣ መኪናም፣ ሰውም በድምጿ ስለምታዝዝ ነው። በልጅነቷ ሥራ አገኝልሻለሁ ያላት ሰው ባሕር አሻግሮ ሸጧት፣ በር ተቆልፎባት ስትሠራ ኖራ ነው የተመለሰችው። እትዬ ያኔ የሚተዳደሩት ለጎረቤት መጋረጃ እየሰፉ ነበር። ልጅቷ እንደ መጣች ሰሞን በር በተዘጋ ቁጥር አየር ሲያጥራት አዩና በሩን ከፍተው ድንጋይ አስደገፉበት። ከዚያ ወዲህ የሥራ ሰዓት ላይ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። ንፋስ ሲነሳ ጨርቁ ላይ መቀስና የክር ጥቅል ይጫናል፤ ዝናብ ሲገባ ይወለወላል። በዚያው ለምዶባቸው እትዬ ሰው ሲቀጥሩ ከተቆለፈባቸው ቤት ያመለጡ ሴቶች ከሚጠጉበት መጠለያ ሆኗል። ሻምበልን የመሰሉ ልጆች እዚያ ይጠፋሉ ማለት ዘበት ነው። እንግዳዬም የመጣችው ከዚያው ነው፤ ከመጣች ብትቆይም ስሟ እንግዳዬ እንደሆነ ቀረ።

ግድግዳው ጥግ ሌሎች ሁለት መኪናዎች ሸራ ለብሰው ቆመዋል። የሆቴሉ ትእዛዝ ከመጣ ሸራው ይገለጣል፤ መጠለያው ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶችም ወንበር ያገኛሉ። ይህን እንግዳዬም ታውቃለች። አንደኛዋ አልጋ የተጋራቻት ናት።

ገዢዋ ወንበር ተሰጣት፣ ሻይ ተቀዳላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ። አለቆቼ ዋጋችሁ ውድ ነው አሉ። በግማሽ የሚያቀርብ አለ ብለው ላኩኝ፣ ሄጄ አየሁት። በሩ በውጭ በኩል ነው የሚቆለፈው። ልጆቹ እዚያው መኪናው ሥር ይተኛሉ። አንዷን ስሟን ብጠይቃት አሠሪዋን ቀና ብላ አየች። እንግዳ ከፍሎ የሚተኛበትን አንሶላ ከዚህ አልገዛም ብዬ ተመለስኩ።»

«እሰይ የኔ ልጅ፣» አሉ እትዬ።

«ታዲያ እነሱን ማሳመኛ አንድ ነገር አሰብኩ። በየትራሱ ላይ ካርድ እናስቀምጣለን። ፎቶና አጭር ታሪክ። እንግዳው የተኛበትን ማን እንደሰፋው ይወቅ፣ ዋጋው ለምን እንደጨመረ ይወቅ። አለቆቼ በጣም ወደዱት። ይህን ካመጣሽ አንሶላውንም ፎጣውንም እዚያ እዘዢ አሉኝ።» ዙሪያዋን ቃኘች። «በተለይ በኩሽና መስኮት ያመለጠችውን ልጅ። ጋሼ የነገሩኝን። የቷ ናት?»

ከመጋረጃው ወዲያ የካውያው ትንፋሽ ቆመ።

መጋረጃው ቀስ ብሎ ተገለጠና የእትዬ ባል አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ጋሼ የቤቱ ተኳሽ ናቸው። ካውያ ይዘው ዝም ማለት አይሆንላቸውም፤ ባለፈው ገዢዋ ስፌት ስታይ እሳቸው እየተኮሱ ሲያጫውቷት ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ እትዬ።

«ላደንቃት ብዬ እኮ ነው። ከዚያ ሁሉ ፎቅ ወርዳ… ጀግና ናት ብዬ ነው።»

«አድንቅ ያለህ አለ?»

ጋሼ ወደ ጠረጴዛው ሥር አዩ፣ አንገታቸውን ሰበሩ፣ ካውያውን ባዶ ሰሌዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሱት ጀመር።

ገዢዋ ነገሩ ስላልገባት እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዷት። የልጅቷ እናት ምንም አታውቅም። ልጄ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ናት ብላ ነው የምትተኛው። ልጅቷን አታልላ ለደላላ የሰጠቻት ጎረቤት ደግሞ እስከዛሬ ከእናትየዋ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ልጅቷ አንድ ቀን ሄጄ በራሴ አፍ እነግራታለሁ ትላለች።

«ስሟ አይጻፍም እኮ፣» አለች ገዢዋ።

«ፊት ስም ይፈልጋል እንዴ?» አለች ሻምበል። «ያንቺ እንግዳ በስልኩ አንስቶ ይለጥፈዋል፤ እስኪነጋ ሰፈሯ ይገባል።»

«እጇን ብቻ ባነሳስ?»

«እናት የልጇን እጅ አታውቅም ያለሽ ማነው?»

ገዢዋ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ፊቷ ቀልቷል። ሻምበል አዘነችላትና ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጎተተች።

«በይ እኔን አንሺኝ። እኔ የሆነብኝን ለአውቶቡስ ሹፌር ሁሉ ነግሬያለሁ። የሚሸሸግ ነገር የለኝም።»

«እውነት? ተባረኪ እህቴ።» ገዢዋ ተነሥታ ካሜራዋን አነጣጠረች፣ ዝቅ አደረገች፣ እንደገና አነጣጠረች። «እንዲህ… ትንሽ ከበድ ያለ ፊት ቢሆን። ያኔ የተቆለፈብሽን አስቢ።»

ሻምበል አሰበች። ቅንድቧን ሰበሰበች፣ ጉንጯን ወደ ውስጥ ሳበች። ጥርሷን ያመማት ትመስል ነበር።

«ሐኪም ቤት ወረፋ የያዘች መሰልሽ፣» አሉ ጋሼ ከመጋረጃው ወዲያ።

ሻምበል ሳቋን ለቀቀችው። ገዢዋም ሳቀች፣ እትዬም በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሻምበል ደግማ ሞከረች፣ ከንፈሯ ገና ሲጣመም ሳቁ ቀደማት። ፊቷ ለቅሶውን ጨርሶት ኖሮ ተመልሶ አልመጣ አለ።

ሳቁ መሃል እንግዳዬ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ቀሚሷ ላይ የነጭ ክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል። ማንንም ሳታይ ሄዳ መስኮቱ ሥር ቆመች።

«እኔ አለቅሳለሁ፣» አለች። «እኔን አንሺኝ።»

እትዬ መሐረባቸውን ከዓይናቸው አወረዱ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ጠየቀሽ?» አለች ሻምበል፣ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ።

«ሁለቱ መኪናዎች ይከፈቱ። እናቴ… እናቴ ምናልባት አታይም።» አገጯ ይንቀጠቀጣል። ማልቀስ አላስፈለጋትም፤ ገዢዋ የምትፈልገው ፊት እሱ ራሱ ፊት ለፊቷ ቆሟል። የመስኮቱም ብርሃን አላነሰም።

ገዢዋ ካሜራዋን አነሳች። ጣቷ ማንሻው ላይ አረፈ።

እትዬ ተነሥተው በመካከላቸው ቆሙ። ሰፊ ሴት ናቸው፤ እንግዳዬ ሙሉ በሙሉ ከጀርባቸው ጠፋች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣» አሉ። «ይህች ልጅ ምን አጥፍታ ነው ፊቷ የሚለጠፈው?»

«ማጥፋት አይደለም እትዬ፣ ሰው እንዲያውቅ…»

«ይወቃ። ግን ማወቅ ያለበት እኔን ነው። አሠሪዋ እኔ ነኝ። ስንት ሰዓት እንደማሠራት፣ መታወቂያዋ ማን ጋ እንዳለ፣ ደመወዟን በቀኑ እንደምሰጥ፣ በሬ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ይህን ጻፊ። ያ ያየሽው ሰውዬ ፎቶው በየትራሱ ላይ ቢወጣ ያን ቁልፍ በማግሥቱ አያነሳም ነበር? መታየት ያለብን እኛ ነን። ከዋሸሁ እንግዳሽ መንገዱን ተሻግሮ ይምጣና ይጠይቀኝ።»

«ግን እትዬ፣ ሰው የሚገዛው ታሪክ ነው።»

«እኛ የምንሸጠው የትራስ ልብስ ነው።»

ገዢዋ በመስኮቱ አሻግራ ያልተከፈተውን ሆቴል ትንሽ አየች። ከዚያ ካሜራዋን ካንገቷ አውልቃ እትዬን ዞረችና እንግዳዬ አጠገብ ቆመች። ስትገባ ያነሳችውን ፎቶ አሳየቻት። ከሦስቱ ጎንበስ ካሉት ራሶች አንዱ የእንግዳዬ ነው፤ ጉንጯ በግልጽ ይታያል።

«ይቺን ተጫኚ፣ ይጠፋል።»

እንግዳዬ እትዬን አየች፣ ካሜራውን አየች። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተጫነች። ፎቶው ከመስታወቱ ላይ ጠፋ። እርግጠኛ ለመሆን አንዴ ደግማ ተጫነች።

«በይ እንግዲህ፣» አሉ እትዬ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ። «አንተ ሰውዬ፣ ና።»

«እኔም አለሁበት?»

«አፍህ ያመጣውን ፊትህ ይክፈለው።»

ጋሼ ወደ ውስጥ ገቡ። ቆዩ። ሲመለሱ ኮትና ከረባት አድርገዋል፤ ካውያውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ካውያውን አስቀምጠው።»

«የሥራ ፎቶ አይደለም እንዴ? ደግሞ ልጄ፣ ከኋላ እንዳታነሺኝ። ሸሚዙን የተኮስኩት ፊት ለፊቱን ብቻ ነው።»

ሻምበል የጋሼን ከረባት ለማስተካከል ተነሣች። ስታስተካክለው ያነቀቻቸው መሰላት፤ እሳቸው ግን አንገታቸውን ሰጡ፣ ዛሬ መቀጣት እንዳለባቸው ያውቃሉ።

«እትዬ፣ አለቆቼን ማሳመኔን አላውቅም፣» አለች ገዢዋ ካሜራዋን እያስተካከለች። «የሁለት ሽማግሌ ፎቶ አመጣሽ ብለው ሊስቁብኝ ይችላሉ። የትራስ ልብሱን በራሴ ማዘዝ እችላለሁ፣ እሱን ከዛሬ ጀምሩ። አንሶላው ግን የነሱ ፈቃድ ነው።»

«የትራስ ልብሱ አንድ መኪና ያስከፍታል?»

ሻምበል ጣራውን እያየች አሰላች። «አንድ ያስከፍታል። ሁለተኛውን አይችልም።»

የእትዬ ዓይን ወደ ሁለቱ ሸራዎች ሄደ። መጠለያው ውስጥ ካሉት ሁለት ሴቶች የትኛዋን ጠርተው የትኛዋን ጠብቂ እንደሚሏት ሲያስቡ ፊታቸው ላይ ድካም አለፈ። ቃላቸውን ግን አላነሱም፤ ነጠብጣብ ያለበትን ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና የባላቸውን እጅ ይዘው አጠገባቸው አስቀምጠው ወደ ካሜራው ዞሩ።

«አልቅሱ እንዳትዪኝ እንጂ፣ ልጄ፣ ዝግጁ ነኝ።»

«ወደ እኔ ይዩ እትዬ። ጋሼ፣ አገጭዎን ትንሽ ቀና።»

እንግዳዬ ወደ መኪናዋ ተመልሳ የጀመረችውን የትራስ ልብስ ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ አጥፋ ከተሰፉት ላይ ደረበችው። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷ ላይ የቀረውን ቁርጥራጭ አራገፈችና ከሚስማሩ ላይ ሻርፗን አወረደች። የእትዬን ትከሻ በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ አለፈች።

ከዚህ ቤት ብቻዋን ወጥታ አታውቅም። ወደ መጠለያው ስትመለስ ሻምበል ታደርሳታለች፤ ሱቅ ድረስ እንኳ ስትሄድ ጋሼ ሲጋራ የሚገዙ መስለው ይከተሏት ነበር። ሲጋራ እንደማያጨሱ ሁሉም ያውቃል።

«ወዴት ነ—» አለች ሻምበል።

እትዬ ከካሜራው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ በነፃው እጃቸው የሻምበልን ቀሚስ ጨርቅ ያዝ አደረጉ። ጋሼም ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ሲሉ የተያዘው እጃቸው አላንቀሳቅስ አላቸው።

«ተቀመጥ፣» አሉ እትዬ። «ብቻዋን ትሂድ።»

እንግዳዬ ደፉ ላይ ቆማ ሻርፗን አሰረች። መንገዱን ግራና ቀኝ አየችና ደረጃውን ወርዳ በሰዎቹ መሃል ገባች።