የቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ መሬት

ከአዲስ አበባ የመጣው የሰብል ቁጥር መጽሐፍ ልባሱ ያማረ ነበር፤ ውስጡ ግን እንሰት የለም። ከጤፍ እስከ ተልባ ለዐሥራ ስምንት ሰብል ቁጥር ተሰጥቷል። የቡታጅራው የምዝገባ ጸሐፊ ተካ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አነበበው። የመስቃን ሰው በሙሉ ጠዋት ማታ የሚበላው ነገር በመንግሥት ዘንድ አይታወቅም። ሊቃውንቱ መጽሐፉን ያዘጋጁት እንጀራ እየበሉ ነውና አይፈረድባቸውም።

ቁጥር ያስፈለገው አዲስ አበባ ላለችው የቆጠራ መኪና ነው። ተካ የሞላው ቅጽ አዲስ አበባ ሲደርስ በካርድ ላይ ይበሳል፣ ካርዱን መኪናዋ ትውጠዋለች፣ ያገር ሀብት ተቆጥሮ ይወጣል። መኪናዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ተካ «እንሰትን በስንት ቁጥር ልጻፈው?» ብሎ አዲስ አበባን በደብዳቤ ጠየቀ። በአምስተኛው ወር መልስ መጣለት። «በመጽሐፉ መሠረት ይፈጸም።»

እሱም ማንም ያልያዘውን ዐሥራ ዘጠኝን ለእንሰት ሰጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ መኪናዋ ሳያንቃት ዋጠችው፤ እንዲያውም «ሥራህ የተጣራ ነው» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ለካ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ሁለተኛው እትም ታተመ። አሁንም እንሰት የለበትም፤ ዐሥራ ዘጠኝ ግን ባለቤት አግኝቷል፤ «ጠፍ መሬት» ሆኗል። መኪናዋ የቆዩትን ካርዶች በአዲሱ መጽሐፍ ቆጠረቻቸውና ከእንሰት በቀር ሌላ ያልተከሉ አርባ አንድ የቡታጅራ ዙሪያ ገበሬዎች በአንድ ጀምበር ጠፍ መሬት ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሆኑ። ጠፍ መሬት ደግሞ የመንግሥት ነው፤ ለባለውለታ ይሰጣል።

የስም ዝርዝሩንና ካርታ ይዞ ተቆጣጣሪው አቶ ሀብተጊዮርጊስ መጣ። ተካ በዝርዝሩ የመጀመሪያዋ ወደሆነችው ወደ ዘይባ ጓሮ ወሰደው። ዘይባ ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጅ በዚያ ጓሮ ያሳደገች ሴት ናት። ዝናብ ጣለና አቶ ሀብተጊዮርጊስ ካርታው እንዳይረጥብበት አንድ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ሥር ተጠለለ።

«ይኸው ጠፍ መሬቱ» አለ፤ እጁን ዘርግቶ።

«ጌታዬ፣ የተጠለሉበት እኮ እንሰት ነው» አለ ተካ።

«አያለሁ። መጽሐፉ ግን አያየውም።»

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ የታተመ መጽሐፍም ተጨምሮበት ኖሯል። ዘይባ የሁለቱን ፊት እያፈራረቀች ታያለች። «መሬቴን ነው የሚለካው?» ስትል ጠየቀች። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ካርታውን ጠቅልሎ ወደ ቢሮ መንገድ ጀመረ።

ቢሮ ሲገቡ አቶ ሀብተጊዮርጊስ የማረሚያ ቅጽ አወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቅጽ ከተሞላለት ሁሉን ያደርጋል። «ጸሐፊው ዘንግቶ ከሆነ ይታረማል፤ ቁጥር ያለው ሰብል ይጻፍላቸዋል፣ በቆሎም ቢሆን። ሆን ብሎ ከራሱ ቁጥር ከሰጠ ግን ማጭበርበር ነው፤ ማጭበርበር አይታረምም፣ መሬቱም ጠፍ እንደሆነ ይቀራል። መጽሐፉ ተሳስቷል የሚባል ነገር ደግሞ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

«የዘነጋው ጸሐፊስ?» አለ ተካ።

«ሦስት ጊዜ ከዘነጋ ይሰናበታል።»

«አርባ አንድ ጊዜስ?»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ መጽሐፉን ገለበጠ። «እሱ አልተጻፈም» አለ።

ተካ ለዚያች ወንበር ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቷል። በሕይወቱ እንደ እሱ ተጠንቅቆ ቁጥር የጻፈ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። ሆኖም «ዘንግቼ ነው» እያለ አርባ አንድ ጊዜ ፈረመ። እንሰቱም ሁሉ በወረቀት ላይ በቆሎ ሆነ።

የስንብቱ ደብዳቤ በሁለት ሳምንት ደረሰ። የእንሰቱ ጥያቄ አምስት ወር ፈጅቶ ነበር፤ መንግሥት ሲፈልግ መፍጠን ያውቅበታል። ወሬው ግን ከደብዳቤውም ቀድሞ ገበያ ገብቷል፤ ተካ የሚባል ዝንጉ ጸሐፊ የሰው እንሰት ጠፍ ብሎ ጽፎ ኖሯል።

የገበያ ዕለት ዘይባ የእንሰቷን ቆጮ ዘርግታ ስትሸጥ አየችውና ጠራችው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ ተካ። የኔን ጓሮ ታውቀዋለህ፤ ስንቴ ተቀምጠህ በልተህበታል። አንተ የተማርከው ሰው ምን ነክቶህ ነው ባዶ ነው ብለህ የጻፍከው? ልጆቼን ሜዳ ላይ ልታስቀራቸው ነበር እኮ።»

ተካ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ለእሷ ከነገራት ግን ገበያው ይሰማል፤ ገበያው ከሰማ ተቆጣጣሪው ይሰማል፤ ዝንጋታው ማጭበርበር ይሆንና አርባ አንዱም ጓሮ ይሄዳል።

«ዘንግቼ ነው፣ እናቴ» አለ።

ዘይባ ከቆጮዋ ቆርሳ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችና ሰጠችው።

«እንካ፣ ሥራህን ለቀሃል አሉ። ጠፍ መሬት ያበቀለው ነው፤ ብላ።»