አንድ ስልክ፣ ሦስት ኪስ

የድርጅቱ ላፕቶፕ ቅዳሜ ከምሳ በፊት፣ ሦስቱ ሸሪኮች በተገኙበት፣ በይፋ ተከፈተ።

አሜሪካ፣ ግሮቭ ሲቲ ካለው የጭነት መኪና ድርጅታቸው ሒሳብ በወጣ ገንዘብ ማን ቢትኮይን እንደገዛ አልታወቀም። ጥርጣሬው ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወደ ሐምራዊት ማዘንበል ጀምሯል።

«ቁማር ነው፤ እኔ በደጁም አላልፍ» አሉ ጋሼ ጎሹ።

«እኔ እንኳን ልገዛው ስሙንም በቅጡ አልጠራው» አለ ኑረዲን።

«ከዲቪ ሌላ ሎተሪ ሞልቼ አላውቅም» አለ ምንያህል።

ሐምራዊት ወንበሯ ላይ ተደላደለች። «ጥሩ። የቢትኮይኑን አካውንት ከሒሳብ መዝገባችን ጋር ኮኔክት ላደርገው ነው። የማረጋገጫው ኮድ የሚደርሰው በገዢው ስልክ ነው።»

ፈገግ ብላ የላፕቶፑን ቁልፍ ተጫነች።

የጮኸው አንድ ስልክ ነበር፤ ኪስ የገባው ግን የሦስቱም እጅ።