የዳሩ ፈረስ

ፀጉር አስተካካዩ ታላቅ ወንድሟ ሦስቴ ተልኮበት አሻፈረኝ ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ጥላ ራሷ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ፊቱ አረፋ እንደተቀባ ነው።

«ወንድምህ ጭራሮ ሊሞትብን ነው። ዛሬ ትመጣለህ፤ ያንን የቼዝ መንገዱንም በስሙ ትጠራለታለህ።»

«እቴ፣ ሰው ፊት እንዲህ...»

«አንተስ ያዋረድከው ሰው ፊት አይደለም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ የሚጫወትበት ቼዝ አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች አጀማመራቸው አንድ ነው፤ ማን ማንን እንደሚመስል አይለይም። ፈረሱ ሲወጣ ግን መንገዱ ይከፈላል። የታላቅየው ወደ መሀል ይገባል፣ የታናሽየው ወደ ዳር ይወጣል። የመሀሉን ሰፈሩ «የጋሼ» ይለዋል። የዳሩ ግን ታናሽየው ጭራሮ፣ ያ ቀጭን በያጅ፣ ከሥራ ሲመለስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እየተቀመጠ በራሱ ያገኘው ነው። «የጭራሮ በሉልኝ» ብሎ ለመነ። ታላቅየው «የሰነፍ መንገድ» አለው። ሱቁ የእሱ፣ ገበታው የእሱ፤ ያው ስም ተለጠፈበት። ጭራሮም ተቀይሞ ሱቁን ዳግመኛ አልረገጠም።

ልብስ ሰፊዋ ቼዝ አትችልም። ግን ጭራሮ ስፌት መኪናዋ ጎን ዘርግቶ ሲያሳያት ስለኖረ፣ ያን የዳር ፈረስ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

ታላቅየው ገበታውን በብብቱ ይዞ መጣ። ጭራሮ እህቱ ጓዳ ተኝቷል፤ ሕመሙ ጭንቅላቱ ከገባ ወዲህ ነገር ይምታታበታል።

«ጋሼ፣ መጣህ? ፀጉሬ እንደሁ አልቋል፣ የምትቆርጠው የለህም።»

ታላቅየው ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጠጠሮቹን ደርድሮ ለሁለቱም ወገን ራሱ ተጫወተ፤ ፈረሱን ዳር ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይኼ የጭራሮ ነው። ከእንግዲህ ሱቅም ውስጥ ስሙ ይኸው ነው።»

ጭራሮ ትኩር ብሎ አየው። «ተው እንጂ ጋሼ። ይኼማ ያንተው ነው፤ ሰው የሚስቅበት። የእኔ የመሀሉ ነው።»

እህትየው «ኧረ አይደለም!» ልትል አፏን ስትከፍት ታላቅየው ክንዷን ጨመቀው።

«ልክ ነህ» አለ። ፈረሱን አንስቶ ወደ መሀል ወሰደው። «የዳሩ የእኔ ነው፤ ይኼ ያንተ።»

«እስቲ የጭራሮ በለው።»

«የጭራሮ።»

የበሽተኛው ፊት በራ። በዚያው ሳምንት አረፈ።

ሱቁ እንደገና ሲከፈት ፀጉር አስተካካዩ የመሀሉ «የጭራሮ» ይባል ብሎ ለደንበኞቹ ነገረ። እህትየው ሰማችና እየተንደረደረች መጣች።

«የራስህን ሰጥተህ የእሱን ቀበርክበት!»

«ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ቃል የገባኸው ለበሽተኛው ነው። ጤነኛው ወንድሜ ሲለምንህ የኖረው ሌላ ነው።»

«መጨረሻ ላይ የፈለገው ይኼንን ነው፤ በዓይንሽ አይተሻል። ምን ላድርግ? ሁለቱንም የጭራሮ ልበል?»

«በል!»

«ታዲያ በምን ይለያሉ?»

እህትየው ወደ ገበታው ዞረች። ከሚጫወቱት አንዱ ፈረሱን በጣቱ እንደያዘ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ያያቸዋል። እሷም የተራ ጠባቂዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን አኑሮ፣ የጀመረውን ራስ ትቶ፣ አጠገቧ ተቀመጠ።