ጭሱን የሚበላ በርሜል

የሱዳን ጦርነት ጋብ ብሎ ፋሪሃ ወደ ሠፈሯ ወደ ሳጃና ስትመለስ፣ በመንገዱ ዳር የነበሩት የኒም ዛፎች ጉቷቸው ብቻ ቀርቶ አገኘቻቸው። ጋዝ የለም፤ የከሰሉም ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። ልጆቹን ለማብላት ዛፍ ቆርጦ ያነደደውን ሰው አልተቀየመችም። ደሟን ያፈላው ሌላ ነው። ኦምዱርማን ገበያ ጀርባ የኦቾሎኒ ቅርፊት እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ነፋስ ይበትነዋል፤ እዚያው አጠገቡ ሰዉ ተሰልፎ፣ ስንት ጫካ ተመንጥሮ ለመጣ ከሰል ይጨቃጨቃል።

«እሳቱ እኮ እግራችሁ ሥር ነው!» ብላ ገበያ መሀል ጮኸች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ስለዚህ ቅርፊቱን ራሷ በጆንያ ማመላለስ ጀመረች።

ሥራው ቀላል ነው፦ ቅርፊቱን በርሜል ውስጥ ማክሰል፣ መውቀጥ፣ በሙጫ ውሃ ለውሶ በእጅ ማድቦልቦል፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ። የሠፈሩ ሻይ አፍሊዎች ወዲያው ለመዱት። ጣጣው ማክሰሉ ላይ ነው። በርሜሉ ሲለኮስ ቢጫ፣ ወፍራም ጭስ ግቢውን ይውጠዋል፤ የአከራይዋን የሐጃ በቱልን ነጭ ልብስ ከነገመዱ ያጠነዋል።

ማክሰኞ ዕለት ሐጃ አንዱን እጅጌ አሽትተው ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሐሙስ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከፖርት ሱዳን ይገባል። ያን ቀን ግቢዬ ከጨሰ፣ ወላሂ፣ በርሜልሽ ከበር ውጭ ነው!»

«ሐጃ፣ ውጭ ካደረማ ይሰረቃል።»

«ኢንሻአላህ!» አሉና ገቡ።

ፋሪሃ ሌላ ቦታ የላትም። በርሜሉ ከወጣ፣ ሀብታሞቹ ሠፈር ካፉሪ ወርዳ እንደ ድሮዋ የሰው ቪላ ልትወለውል ነው። ከወሎ ከመጣች ጀምሮ ስትወለውል ኖራለች፤ ከእንግዲህ ግን አንጀቷ እምቢ ብሏል።

ረቡዕ በርሜሉን ለሙከራ ለኮሰችው። ያው ጭስ። በንዴት ከሥር የሚነድ ካርቶን መዘዘችና በርሜሉ አፍ ላይ ወረወረችው። ጭሱ ቡፍ ብሎ ተያያዘ! ነበልባሉ አናቱ ላይ እንደቆመ ጭሱ ከግቢው ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ነፋስ ሲያጠፋው ግን ተመልሶ መጣ።

«አየህ?» አለችው ንጋቱን። ንጋቱ ጎረቤቷ ነው፤ ሊቢያ ሊሻገር መጥቶ ለጊዜው ከአንድ ብየዳ ቤት በቀን ሥራ የሚውል ጎጃሜ።

«ቅንድብሽ ሲቃጠል ነው ያየሁ።»

«ቀልድህን ተወው! ጭሱ ራሱ ይነድዳል ማለት እኮ ነው። ከሥር ስለምንለኩሰው፣ ላይ ሲደርስ የሚያቃጥለው እሳት አያገኝም። ከላይ ብንለኩሰውስ?»

«እታለም፣ እሳት ሽቅብ ነው የሚሄድ።»

«ነበልባሉ ሽቅብ ይሂዳ! ፍሙ ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ጭሱ ሊወጣ ሲል እሳቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።»

«ባይሠራስ?»

«ባይሠራማ አንተ ሊቢያ፣ እኔ ካፉሪ። ያላ፣ መብሻህን አምጣ!»

ንጋቱ የበርሜሉን ወለልና የአፉን ዙሪያ አየር እንዲያስገባ በሳሳው።

ሐሙስ ጠዋት ሐጃ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ጥፋተኛ እንደሚጠብቅ ፖሊስ ግቢው መሀል ተቀመጡ። ፋሪሃ ከላይ ለኮሰች። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ተግተለተለ፤ ሐጃ ብድግ አሉ። ከዚያ እሳቱ ያዘና ጭሱን እየጎረሰ ጥርት ብሎ መንደድ ጀመረ። ከበርሜሉ በላይ የሚታየው የሙቀቱ መርገብገብ ብቻ ነው።

ሐጃ በርሜሉን አንዴ ዞሩት። አላመሰገኑም። ወደ ማድ ቤት ገብተው ድስት ይዘው ወጡ።

«አንተ፣ እነዚያን ብረቶች በርሜሉ አፍ ላይ አጋድምልኝ» አሉት ንጋቱን። ወደ ፋሪሃ ዞረው፦ «እንግዳ እየመጣብኝ፣ ጋዜ አልቆ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ነበልባል ለሰማይ ታበያለሽ? ሐራም አይደለም?»

ፋሪሃ አፏን ከፈተች። ይህንኑ ነገር ለገበያው ሁሉ ስትጮህ የከረመች እሷ ናት! ንጋቱ ግን ፊቱን አዙሮ ሲስቅ አይታ፣ ድስቱን ተቀብላ ብረቶቹ ላይ ጣደችው።

ወጡ ሲንተከተክ ነበልባሉ እያነሰ መጣ። ፍሙ በርሜሉ ሥር ደርሷል ማለት ነው፤ አሁኑኑ ካልተከደነ ሁሉም አመድ ይሆናል።

«ሐጃ፣ ድስቱን ያንሱልኝ።»

«ሥጋው አልበሰለም።»

«ከሰሌ ይቃጠላል!»

«ወንድሜ ጥሬ ይብላ?»

ተፋጠጡ። ፋሪሃ መልሱ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፤ እጇ ግን ቀደማት። ከክፍሏ ማንደጃ አወጣች፤ የደረቁትን የቅርፊት ድብልብሎች ደረደረች፤ ከበርሜሉ ፍም ጨምራ አቀጣጠለች። ከዚያ ድስቱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ሳታስፈቅድ ማንደጃው ላይ ጣደችው። ንጋቱ በርሜሉን በቆርቆሮ ከድኖ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ መረገ።

ሐጃ ጎንበስ ብለው ከድስቱ ሥር አዩ። ድብልብሎቹ ሳይጨሱ፣ ሳይንጣጡ ቀልተዋል።

«ይሄ ነው ያ ቆሻሻ?»

«እሱው ነው።»

ሥጋው በሰለ። እንግዶቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ሐጃ እየሳሙ ተቀበሏቸውና፣ በመሀል ቀና ብለው ከማድ ቤታቸው በር አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ በእጃቸው አሳዩ።

«አንቺ ልጅ፣ በርሜሉ ሲበርድ እዚህ ይምጣ። ነገ ከጁምዓ በፊት ለኩሺው፤ ምስር እዘፈዝፋለሁ።»