አሥር ፈረስ በኩታ ስር

ዓብዱልሀሚድ ባቲ ገበያ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የግመል ደላላ ነበር። ሰኞ በመጣ ቁጥር አፋሩ ግመሉንና ጨዉን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ሲወርድ፣ የማይተማመኑ ሁለት ሰዎች መሐል ገብቶ የሚያስማማ እሱ ነበር። ሲያትል ከገባ ወዲህ ግን ይህን የሚያውቅለት አልተገኘም። ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ፓርኪንግ፣ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበላል። ዋጋው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ዝቅ አይል፣ ከፍ አይል። «ያልተከራከሩበት ገበያ ምኑን ገበያ ሆነ?» ይላል ለሚስቱ ለሀሚዳ። እሷም ስለለመደችው ሻዩን ትቀዳለታለች።

ልጃቸው ቶይባ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቋት «ፓርኪንግ» ብላ ወሬ ትቀይራለች። ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ደግሞ ጭራሽ አታነሳም፤ «ደላላ» የሚለውን ቃል ከቤት ውጭ የሰማችው ሰው ሲሰደብበት ብቻ ነውና። ዓብዱልሀሚድ ይህን ያውቃል።

በፈረንጆቹ 1997 ግንቦት መግቢያ ላይ፣ ቶይባ አንድ ወረቀት ይዛ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። ክፍላቸው ሦስት ወር ሙሉ የጥንት ቻይናን ንግድ ሲማር ከርሟል፤ ሐር እንደ ገንዘብ ይከፈልበት እንደነበር፣ መንግሥት የጨውን ንግድ ጠቅልሎ ይዞ እንደከበረበት፣ የሜዳው ፈረሰኞች ፈረስ እየነዱ መጥተው ሐር ጭነው እንደሚመለሱ። አሁን ደግሞ የታሪክ አስተማሪዋ ሚስ ዳሌን፣ ቅዳሜ ዕለት በሬኒየር ቢች ኮሚዩኒቲ ሴንተር አዳራሽ የጥንቷን የቻይና ዋና ከተማ የቻንግአንን ገበያ ልታቆም ነው። ተማሪው በቡድን ይከፈላል። ሦስቱ ቡድኖች የወረቀት ሐር ይዘው ለንጉሡ ፈረስ ይገዛሉ፣ ሁለቱ ፈረስ ይሸጣሉ። አሥር ፈረስ ቀድሞ ያስገባ ቡድን አለቃ፣ ዩኒቨርሲቲው በክረምት ለሚሰጠው የታሪክ ትምህርት ይታጫል። ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የአንዱ ገዢ ቡድን አለቃ የሆነችው ቶይባ ደግሞ ያን ቦታ ከመስከረም ጀምሮ ስታልመው ነበር።

«ስድስት ሳምንት ነው፤ እዚያው ዶርም ነው የምናድረው» አለች፣ ፈራ ተባ እያለች።

«ስድስት ሳምንት ከቤት ውጭ?» አለ አባቷ። «ሁለት ከሆነ ይታሰብበታል።»

«አባዬ፣ ኢትስ ሲክስ። ሁለት የሚባል ነገር የለም።»

«መጀመሪያ አሸንፊ፤ ከዚያ እንከራከራለን።»

ለጊዜው በዚሁ ተዘጋ። ግን ወረቀቱ ላይ ሌላም ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ገበያ ፈረስ ሲሸጥ ደላላ መሐል ይገባ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ትልቅ ሰው በደላላነት ይዞ እንዲመጣ ታዟል። ዓብዱልሀሚድ ይህን ሲሰማ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ቀና አለ። ቶይባ ግን ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ «አጎቴ ሂሻምን ልጠይቀው አስቤያለሁ» አለች። ሂሻም የሀሚዳ ወንድም ነው፤ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ይሠራል፣ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። በሕይወቱ ፍየል እንኳ ሸጦ አያውቅም። ዓብዱልሀሚድ «ጥሩ» ብሎ ሻዩን ጠጣ፤ ሻዩ አልጣመውም።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሂሻም ኮል አደረገ። «ወላሂ ቶይቤ፣ ሺፍት ሰጡኝ፤ ማናጀሩ እምቢ አለ፣ ሶሪ» አላት። ቶይባ ስልኩን ዘግታ አባቷን አየችው፣ እናቷን አየቻት፣ እንደገና አባቷን አየችው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? «ኦኬ፣ ና በቃ» አለችው። «ግን ፕሊዝ ብዙ አታውራ።»

«እኔ ስሠራ አላወራም» አለ ዓብዱልሀሚድ፤ ተነሥቶም ከሻንጣው ሥር ነጭ ኩታውን አወጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ቶይባ ቦርሳዋን ከፍታ የቡድኗን ንብረት አሳየችው። ሁለት መቶ አርባ የወረቀት ቁራጭ፣ አንዱ አንድ ጣቃ ሐር ነው። ከሥሩ ደግሞ አራት ነጫጭ የእንጨት ጡቦች ተቀምጠዋል። «እነዚህ ጨው ናቸው፤ ዩዝለስ ናቸው» አለች። «በጨው ፈረስ የሚሸጥልን የለም።» እሱ አንዱን አንሥቶ በመዳፉ መዘነው፤ የአሞሌ ቅርጽ ነበረው። «ከብት ያለው ሰው ጨው አይጠግብም» አላት። «ባቲ የሚወርድ ደገኛ ለከብቱ ጨው ሳይዝ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር።» ቶይባ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበርና የሰማችው አልመሰለውም።

አዳራሹ በቀይ ጨርቅ ተሸልሟል። እኩለ ቀን ላይ ከበሮ ተመታ፤ ሚስ ዳሌን እንዳለችው በቻንግአንም ገበያው የሚከፈተው በቀትር ከበሮ ነበር፣ የሚዘጋውም ጀንበር ሳትጠልቅ በቃጭል። እዚህ ግን ለሁሉም የተሰጠው አንድ ሰዓት ነው። የሌሎቹ ሁለት ገዢ ቡድኖች ደላሎች ሙሉ ሱፍ የለበሰ ጠበቃና ቤት የሚያሻሽጥ ደማቅ ክራባት ያሰረ ሰው ናቸው። ቶይባ ከእነሱ ወደ አባቷ ኩታ ስታይ ጆሮዋ ቀላ።

ገበያው ወዲያው ደራ፣ ወዲያውም ተበላሸ። ሁሉም ይጮኻል። ባለ ክራባቱ «ሃያ ጣቃ!» ሲል ጠበቃው «ሃያ አምስት!» ይላል፤ ሻጮቹ ተማሪዎች ደግሞ ሰምተው ሠላሳ ይጠራሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የአንድ ፈረስ ዋጋ አርባ ጣቃ ደረሰ። ጠበቃው ሰባት ፈረስ ገዝቶ ሐሩ አለቀ። የባለ ክራባቱ ቡድን ስምንት ፈረስ ይዞ ሁለት ብቻ ቀርቶታል። ቶይባ ገና አንድም አልገዛችም፤ በአርባ ሂሳብ ስድስት ብቻ ነው የሚደርሳት። «ለምንድነው የማትጮኸው?» አለችው አባቷን።

ዓብዱልሀሚድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲንገበገብ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያበዱ መሰለው። ዋጋ በአደባባይ ይጠራል እንዴ? አንዱ የከፈለውን ሌላው ከሰማ ገበያው የሻጩ ሆነ ማለት አይደል? ባቲ ላይ እንዲህ የሚጮኽ ደላላ ቢገኝ ግመሎቹም ይስቁበት ነበር። አሥር ፈረስ የቀረው አንዱ ሻጭ ቡድን ጋ ብቻ ነው፤ ደላላቸው የአንዲት ዪንግ የምትባል ተማሪ አያት ናቸው፣ ሚስተር ሻኦ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቻይናዊ ሽማግሌ። እሳቸውም እንደ እሱ ጩኸቱን በንቀት እያዩ፣ እጃቸውን ሰፊው እጅጌያቸው ውስጥ ከትተው ተቀምጠዋል። ያን እጅጌ ሲያይ አንድ ነገር ጠረጠረ።

ሄደና ፊታቸው ቆመ። ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ቀኝ እጁ ላይ ጣለ፤ ከኩታው ሥርም መዳፉን ዘረጋ።

ሽማግሌው መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ፊቱን አዩ። ከዚያ ፊታቸው በሳቅ ተሞላ። በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ዪንግ ዓይኗ ፈጦ ተረጎመች። «አባታቸው በቅሎ ነጋዴ ነበሩ፤ በእጅጌ ውስጥ ይነጋገሩ ነበር። ሃምሳ ዓመት እጄን ማንም አልጠየቀኝም ይላሉ።» ሚስተር ሻኦ ተነሥተው እጃቸውን ኩታው ሥር ሰደዱ።

አራት ጣት ያዙት። አርባ ማለታቸው ነው። ዓብዱልሀሚድ አንድ ጣታቸውን ያዘ፤ ዐሥር። ሽማግሌው እንደ ተሰደበ ሰው ፊታቸውን አዞሩ፤ እሱም ሊሄድ እንደሆነ ሁሉ አንድ እግሩን አነሣ። ሁለቱም ውሸታቸውን ነው፤ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱንም ደስ ብሏቸዋል። ሦስት ጣት፤ ከዚያ ሁለት። አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ባለ ክራባቱ ሮጦ መጥቶ «ለአንዱ አርባ ሁለት!» ብሎ ቢጮኽ ሽማግሌው ዞር ብለውም አላዩት፤ እጅ ለእጅ የተያያዘ ሰው መሐል አይገባም። ዓብዱልሀሚድ ደሙ ሞቀ። የአሥር ዓመት ዝገት ከጣቶቹ ላይ ሲረግፍ ተሰማው። ወዲያው ሽማግሌው ሁለት ጣቱን ይዘው ለቀቁ፣ ቀጥለው ደግሞ አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ያዙ። ሃያ፣ ሁለት። ሃያ ሁለት! ለአሥር ፈረስ ሁለት መቶ ሃያ፣ ሃያ ጣቃም ይተርፋል። እጃቸውን ጥብቅ አድርጎ ጨበጠ። ውሉ ታሰረ።

ቶይባ ሁለት መቶ ሃያ ቆጥራ ሰጠች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አራት ጊዜ አሥር ጣታቸውን ዘረጉላት፤ አርባ ይቀራል ማለታቸው ነው።

«ሃያ ስድስት ነው ያልኩት ይላሉ» አለች ዪንግ። «አውራ ጣትና ትንሿ ጣት እኛ ጋ ስድስት ነው።»

ዓብዱልሀሚድ ክው አለ። ባቲ ላይ ሁለት ጣት የትኛውም ይሁን የትኛው ሁለት ነው፤ ስድስት ለማለት መጀመሪያ እጅ በሙሉ ይጨበጣል፣ ከዚያ አንድ ጣት ይያዛል። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እንዴት ሳይጠይቅ ጨበጠ? የሌላ አገር እጅ መሆኑን እንዴት ረሳ? ሁለት መቶ ስድሳ ሐር የላቸውም። ሚስ ዳሌን ቃጭሉን አንሥታለች፤ አምስት ደቂቃ ቀርቷል።

«አባዬ፣ ያንተና የሳቸው ሲስተም ይለያያል፣ ውሉን ካንስል እናድርገው» አለች ቶይባ በሹክሹክታ።

«አይሆንም» አለ። «የተጨበጠ እጅ አይፈታም። ጥርጥር ከመጣ ደግሞ ባለ ከብቱ ያለው ይጸናል። ዋጋው ሃያ ስድስት ነው። አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ቶይባ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ቲኬት የሚቀበለው ሰው አልነበረም ፊቷ የቆመው። ቀሪዋን ሃያ ጣቃ ጨመረች፤ ሁለት መቶ አርባ። ሃያ ጎደለ። ባለ ክራባቱ ከኋላ ሐሩን እየቆጠረ ይጠብቃል። በድንገት ቦርሳዋን ከፈተች፣ አንዱን ነጭ ጡብ አነሣች፣ የራሷን እጅ በአባቷ ኩታ ሥር ከትታ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረችው።

ሚስተር ሻኦ ጡቡን በጣታቸው ዳሰሱት። ቅንድባቸው ከፍ አለ። ቶይባ ሁለተኛውን ሰጠች። የዪንግ ቡድን ልጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ ለሻጮቹ ብቻ የተሰጠችውን ካርድ አንዷ ከደበቀችበት አወጣች። ካርዷ ላይ ሐር፣ ሻይ፣ ጨው ይዛችሁ ወደ አገራችሁ ተመለሱ ይላል፤ ጨው የሰጣቸው ሰው ግን አልነበረም። ሦስተኛው ጡብ ገባ። ሽማግሌው ገና መዳፋቸውን አልዘጉም፤ ደላላ ናቸውና ሌላም እንዳለ ጠርጥረዋል። ዓብዱልሀሚድ ኩታውን በእጃቸው ላይ ዘርግቶ ይዟል። ቶይባ አራተኛውን ከመስጠቷ በፊት ፊቷን አዞረች፣ አንድ እግሯንም አነሣች፤ ልክ እሱ እንዳደረገው። ከዚያ ተመልሳ አስቀመጠችው።

ሽማግሌው ሳቃቸውን ለቀቁትና እጇን ጥብቅ አድርገው ጨበጡ። ቃጭሉ ሲመታ አሥሩ የካርቶን ፈረስ በቶይባ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓብዱልሀሚድ በቅጡ አያስታውሰውም። ሰው ያጨበጭባል፤ ጠበቃው ኩታውን ገልጦ ሥሩን ያያል፤ ሚስተር ሻኦ ትከሻውን ይዘው አይለቁም። ሚስ ዳሌን የቶይባን ስም ወረቀቷ ላይ ጻፈችና ሰውየው ይህን ከየት እንደተማረ ጠየቀች። ቶይባ በአዳራሹ ሰው ሁሉ ፊት አባቷ ደላላ እንደነበረ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በባቲ፣ በግመል ገበያ እንደነበረ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ዓመቱን አንድም አላጎደለችም። እሱ ስንት ጊዜ እንደነገራትና ስንቱን እንደሰማችው ያኔ ገባው፤ ደስታውም ስለበዛበት ኩታውን ማጠፍ አቃተው።

ሲመለሱ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሬኒየር ቫሊ እስኪደርሱ ዓብዱልሀሚድ ኩታውን ጉልበቱ ላይ ሲያጣጥፍ ቆየ። ከዚያ ቶይባ ኩታውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጋ እጇ ላይ ጣለችና መዳፏን ከሥሩ ዘረጋች።

«ምን ልትሸጭልኝ ነው?» አላት።

መልስ አልሰጠችውም። ደላላ ሥራ ላይ አያወራም።

ነገሩ ገባውና እጁን ሰደደ። ሁለት ጣቷን ያዘ፤ ሁለት ሳምንት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሦስት ጣት ያዘ። አልተመለሰችም። አራት ያዘ፤ ሀሚዳ ምን ትለኛለች እያለ። ቶይባ ቀስ ብላ ዞረች፤ ከኩታው ሥርም አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ያዘችው።

«ይቺ ስንት ናት?» አለችው በአማርኛ። «አሁንም ሁለት ናት እንዳትለኝ።»

ዓብዱልሀሚድ የልጁን እጅ ጥብቅ አድርጎ ጨበጠ።