ለአንድ ክፍል የሚበቃ ድምፅ

ሳሙኤል እንደሚለው፣ ጀማሪ ጊታረኛ መግዛት ያለበት ስፒከር ያለውን የሳጥን ድምፅ ማጉያ ነው። ድምፅ ከጣት ወጥቶ፣ ግድግዳ መትቶ ወደ ጆሮ ካልተመለሰ ጣት አይታረምም። ሰው የሚያፍረው በተሰማ ስሕተቱ ነው፤ ያላፈረ ደግሞ አይማርም። ሳሙኤል ይህን የሚለው ዐሥራ ሁለት ዓመት በወልድያና በዙሪያዋ ሰርግ ሲያጫውት ኖሮ ነው።

ጌትነት እንደሚለው ደግሞ፣ ጀማሪ መግዛት ያለበት ጊታሩ ላይ ተሰክቶ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማውን፣ በመዳፍ የሚጨበጠውን ትንሹን ነው። ሰው ሳይችል ከተሰማ ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ጊታሩን አልጋ ሥር ከትቶ ይረሳዋል። ጌትነት ይህን የሚለው አልጋ ሥር ከርመው፣ ክራቸው ዝጎ ወደ ሱቁ የሚመጡ ጊታሮችን ሲጠግን ኖሮ ነው።

ደጀን በሁለቱ መካከል ጊታሩን በከረጢቱ እንዳነገተ ቆሟል። ሱቁ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የሚገኝ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ወለሉን ከአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ለጥገና የመጣ ሞንታርቦ ሞልቶታል። የጌትነት መበየጃ ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል። ሁለቱ ማጉያዎች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የጤፍ ቁና የሚያህል ጥቁር ሳጥን፣ ሌላው አውራ ጣት የሚሸፍነው ነገር።

ደጀን ነገርን ከሁለት ወገን ማየት የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን በጥቅም ሊጠረጥር ሞከረ፤ አልሆነለትም። ትርፍ የሚያገኘው ጌትነት ነው፤ ትርፉም የሚበዛው በሳጥኑ ነበር፤ እሱ ግን ትንሹን ያወድሳል። ሳሙኤል ደግሞ ከሽያጩ የሚደርሰው ነገር የለም፤ ኬብል ሊያስበይድ መጥቶ ነው ክርክሩ ውስጥ የገባው።

«አንተማ ዝምታ ብትወድ አይፈረድብህም» አለው ሳሙኤል ጌትነትን። «ቀኑን ሙሉ የተበላሸ ድምፅ ስትሰማ ትውላለህ።»

«አንተ ያጫወትካቸው ሙሽሮች ስንቶቹ አብረው አሉ? እስቲ ቁጠርልኝ!»

ሁለቱ ሳቁ። ደጀንም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከእነሱ ሳቅ ትንሽ ዘግይቶ መጣ።

«ለመሆኑ የት ነው የምትለማመደው?» አለው ሳሙኤል።

«መርሳ። ተከራይቼ ነው የምኖር።»

«ጎረቤት አለህ?»

«አከራዬ አሉ። የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ዐሥር ወራቸው።»

ጌትነት መበየጃውን አስቀመጠ። «በል አለቀ! ለቅሶ ቤት ነው እያለህ ነው እኮ፣ ሳሚ። ትንሹን ልጠቅልልለት።»

ደጀን ግን «ቆይ» አለ፤ ለምን እንዳለው ለራሱም አልገባውም።

መርሳ ከገባ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። በየማለዳው ሲሪንቃ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ይሄድና የማሽላ ዛላ ሲለካ፣ ፍሬውን ሲመዝን፣ ቁጥሩን ሲመዘግብ ይውላል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረቦቹ ቦርሳቸውን ይዘው ይበተናሉ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ወልድያ፣ አንዱ ውርጌሳ፣ ሚስትና ልጅ ወዳለበት። እሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ስልኩን ከፍቶ ማን እንደደወለለት ሲያይ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የደወሉለት የክፍሉ ኃላፊና የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ብቻ ነበሩ። ዘበኛውም በስሕተት ነው የደወለው።

ጊታሩን የገዛው በዚያ ሰሞን፣ ወደ ባሕር ዳር ከተዛወረ የሥራ ባልደረባው ነው። ሲገዛው ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ማጉያ ምን ያህል ዲዳ እንደሆነ አላወቀም ነበር። ክሩ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ከሰውነቱ አያልፍም። ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠ፣ ከስልኩ እያየ፣ አንዲት ትዝታ ለማውጣት ሲታገል ቆየ። በቅርቡ አንድ ነገር አገኘ። የጊታሩን ጫፍ ከጭቃው ግድግዳ የተጠጋው ቁም ሳጥን ላይ ደገፍ ሲያደርገው ሣንቃው ድምፁን ይቀበልና ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ ነው የሚጫወተው።

በግድግዳው ማዶ እትዬ ንግሥት አሉ። ባላቸው በላይ የአይሱዙ ሾፌር ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግቢው ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑም ግራና ወዳለው ወንድማቸው ቤት ተወስዷል። ደጀን ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አውቆም ሲራመድ ጫማውን ቀስ ያደርጋል፣ ሲያስል ትራስ ያፍናል። እትዬ ንግሥት ይህን አድርግ ብለውት አያውቁም። እሱም ጠይቋቸው አያውቅም።

ሁዳዴ ከገባ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። አመሻሽ ላይ በሩን ሲከፍት ደረጃው ላይ የተከደነ ሳህን ያገኛል፤ አንድ ቀን የሱፍ ፍትፍት፣ አንድ ቀን የተልባ። ሳህኑን አጥቦ ሲመልስ እትዬ ንግሥት «ልጄ» ይሉታል። ቀድሞ «አንተ ልጅ» ነበር የሚሉት። ዛሬም ወልድያ እንደሚሄድ ሲሰሙ የባላቸውን ጉርድ ፎቶግራፍ በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡት፤ በግንቦት ለሚውለው ሙት ዓመት በትልቁ እንዲያሳጥብላቸው። በዚያ ግቢ ሰው አምኖ አንድ ነገር ሲያስይዘው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ፎቶግራፉን ሸሚዙ ኪስ ከትቶ፣ በእጁ ሸፍኖት መጣ።

አሁን ከጥቁሩ ሳጥን ፊት ቆሞ የሚያስበው ያንን ነው። ሳጥኑን ይዞ ግቢው ውስጥ ቢገባ «ልጄ» የሚለው ቃል ይቀራል፤ ምናልባት ክፍሉም ይቀራል። ትንሹን ቢገዛ ምንም አያጣም። ግን ጊታሩን የገዛው ዝምታው ስለከበደው አልነበረም?

«ሁለቱንም ሞክራቸው» አለ ጌትነት። «ለመሞከር ማን ከለከለህ?»

መጀመሪያ ትንሹን ሰካው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አንዱን ክር ሲመታ ድምፁ ራሱ ውስጥ ተከፈተ። ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ረጅም ድምፅ። ያን ያህል የሚያምር ነገር ከራሱ እጅ ይወጣል ብሎ አላሰበም። ቀና ሲል የጌትነት ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ሳሙኤል እጁን እያወዛወዘ ይመልስለታል። አንዱም አይሰማም። በደጃፉ ባጃጅ አለፈ፤ እሱም አይሰማም። ደጀን ከመስታወት ጀርባ ሆኖ የሚያያቸው መሰለው። ለእነሱም እሱ ድምፅ በሌለው እንጨት ላይ ጣቱን የሚያርመሰምስ ሰው ነው።

የጌትነት ከንፈር «እንዴት ነው?» አለ።

«ጥሩ ነው!» ብሎ ጮኸ ደጀን። ሁለቱ ሰዎች በሳቅ ፍርስ አሉ፤ የጮኸው ከአጥር ማዶ ላለ ሰው የሚጮኽ ያህል ነበር።

ቀጥሎ ሳጥኑን ሰኩለት። ሳጥኑ ከመጫወቱ በፊት ትንሽ እፍ አለ። ደጀን ትዝታውን ጀመረ። ድምፁ ከሳጥኑ ወጥቶ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወደቀ። ሸንኮራ የተሸከመ ሰው ዘወር ብሎ አየ። ደጀን ፊቱ ጋለ፤ ጣቱ ከመስመር ወጣ፤ ሦስተኛው ድምፅ ተንቀጥቅጦ፣ ነዝሮ፣ ተበላሸ።

«አየህ?» አለ ጌትነት።

«ዝም በል አንተ!» አለና ሳሙኤል ተጠጋ። የደጀንን ጣት በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሽ ወደ ፊት፣ ወደ ብረቷ መስመር ገፋ አደረገው። «እዚህ። ብረቷ ሥር ተጫን። ከራቅህ ክሩ ብረቱን እየላሰ ይነዝራል፤ በገና አስመሰልከው እኮ!»

ደጀን ተጫነ፤ መታው። ድምፁ ጠርቶ ወጣ።

ሰባት ወር ሙሉ ማንም ያልነገረው ነገር ነበር። ሊነግረው የሚችልም አልነበረም፤ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለምና። እንዲያ ብሎ እያሰበ ሳለ ስልኩ ጠራ። እትዬ ንግሥት ነበሩ።

«ደጀን ልጄ፣ ፎቶ ቤት ደረስክ?»

«ሰጠሁት እትዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል ብለውኛል።»

«ከሥሩ ስሙን ይጻፉበት። ‹አቶ በላይ› ብለው። ዕድሜውን ሙሉ ‹በላይ ሾፌሩ› ሲባል ነው የኖረው፤ አሁንስ እንኳ አቶ ይባል።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።»

አልዘጉም። ከጀርባቸው ዶሮ ይሰማል።

«ሌላም ነገር ነበረኝ» አሉ። «ፊትህን እያየሁ መጠየቁ ስለሚከብደኝ ነው በስልክ። በገናህን ነው።»

«የቱን በገና?»

«አትደብቀኝ እንግዲህ። በግድግዳው ይሰማኛል። በሁዳዴ ለጸሎትህ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ አመሻሽ ላይ ሥራዬን ትቼ ግድግዳውን ተደግፌ ነው የምሰማህ። በላይ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚሰማ ነገር እሱ ብቻ ነው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ‹የሚደረድር ልጅ ካለሽማ ለሙት ዓመቱ ያሰማን› አሉ። እምቢ አትለኝም ብዬ እሺ ብያቸዋለሁ።»

ደጀን በክፍት በር ወደ መንገዱ አየ። ሳህኑ ለምን እንደመጣ አሁን ገባው። የተከደነው ለእሱ አልነበረም፤ በግድግዳው ማዶ አለ ብለው ላመኑት ለሌላ ሰው ነበር። «እሺ» ቢል ይበቃል። ትንሹን ማጉያ ይገዛል፤ ከቁም ሳጥኑ ይርቃል፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጣቴን ቆረጠኝ ይላል። እትዬ ንግሥት ማንንም አይጠረጥሩም። ያ ሌላ ሰውም ሳህኑን እየተቀበለ ይኖራል።

«እትዬ» አለ። «በገና አይደለም። ጊታር ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር።»

ጌትነትና ሳሙኤል ወደ እሱ ዞሩ።

«መዝሙር ነው ግን የምትጫወትበት?» አሉ እትዬ ንግሥት።

«አይደለም። ትዝታ ነው። እሱንም ገና አልቻልኩትም፤ የሚነዝረው ስለማልችል ነው።»



«እንዲያ ከሆነ» አሉ እትዬ ንግሥት፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጣሉ፣ «ይሄን ሁሉ ቀን ግድግዳ ተደግፌ ያማተብኩት ለዘፈን ነው በለኛ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለቅሶ ቤት መሆኑን አጥቼው አይደለም። አይሰማም ብዬ ነበር።»

«ጉድ ነው! ለአባ ምን ልላቸው ነው?» አሉ፤ ለእሱ ይሁን ለራሳቸው አይታወቅም። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ ወልድያ ምን ልታደርግ ሄድክ?» አሉ።

«ለጊታሩ ማጉያ ልገዛ ነው የመጣሁት። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በጆሮ የሚሰካ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አይሰማውም። ሌላው ሳጥን ነው። እሱ ይሰማል።»

«የሚሰካው ሲሆን በግድግዳው ምን ይመጣል?»

«ምንም አይመጣም፣ እትዬ።»

ደጀን ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ፤ ወይም «ተመስገን» ይላሉ ብሎ። ሁለቱንም አላሉም። ዶሮዋ ከስልኩ ርቃ ሄደች። አሁን የሚሰማው የአንዲት ሴት ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ማዶ ስልኩን ከጆሯቸው ሳይነቅሉ ቆመዋል። ደጀን በዚያ ዝምታ ውስጥ የእሳቸውን ቤት አየው፤ ቴሌቪዥን የተነሣበት ባዶ ጠረጴዛ፣ የተዘጋ ራዲዮ፣ ወደ ግድግዳው የተጠጋ አንድ በርጩማ። እስካሁን ዝምታው የከበደው እሱን ብቻ ይመስለው ነበር።

«አባወራዬ ዓመቱ አልወጣም» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጾምም ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

አሁንም ግን አልዘጉም።

ጌትነት ትንሹን ማጉያ በመዳፉ ይዞ፣ ልጠቅልለው ወይ በሚል ቅንድቡን አነሣ። ሳሙኤል መሬት መሬት ያያል። ደጀን ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና፣ ሱቁ ውስጥ ላሉት ሳይሆን ለሚሰሙት ሴት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ሳጥኑን ነው የምገዛው፣ እትዬ። ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ አልሰካውም። ከዚያ በኋላ ግን ይሰማል።»